የአባቴ ቁርጭምጭሚት

ሆስፒታሉ ውስጥ ዕውሯ ነው የሚሉኝ። ዓይኔ ግን ደህና ነው፤ ሰው ራስ ላይ አንዲት ሽበት ብትበቅል ከኮሪደሩ ጫፍ ሆኜ አያታለሁ። ዕውር ያደረገኝ የባሌ ጥናት ነው።

ባለቤቴ የአጥንት ቀዶ ሐኪም ነው፣ እኔ ደግሞ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፤ እሱ የጠገነውን እኔ አራምዳለሁ። ቁርጭምጭሚቱ የተሰበረ ሰው በብረት ከተጠገነ በኋላ ምን ይደረግለት የሚለው ጥያቄ ባሌን እንቅልፍ ከነሳው ቆይቷል። የድሮው ልማድ እግሩን ጀሶ አስገብቶ ስድስት ሳምንት ምንም አለማስረገጥ ነው። ባሌ ግን ስፌቱ ተፈትቶ ቁስሉ እንደ ደረቀ በሽተኛው ቢራመድ ይሻላል ባይ ነው። ባይነት ብቻውን ደግሞ ሕክምና አይሆንም። ስለዚህ በሽተኞቹን ለሁለት ይከፍላል፤ ማን ጀሶ እንደሚገባ ማን እንደሚራመድ ኮምፒውተር ዕጣ ያወጣል። መጨረሻ ላይ ሁሉም እኔ ዘንድ ይመጣሉ። ቁርጭምጭሚታቸው ምን ያህል እንደሚታጠፍ እለካለሁ፣ ደረጃ አስወጣቸዋለሁ፣ በአንድ እግር አቆማቸዋለሁ። የምትለካው ሰው ማን እንዴት እንደታከመ ካወቀች ሳታስበው ታዳላለች። እንኳን የባሏ ጥናት ሆኖ! ስለዚህ እንዳላውቅ ተደረገ። በሽተኞቹ ሁለት እግራቸውን እስከ ጉልበታቸው በነጭ ካልሲ ሸፍነው ይገባሉ። ስለ እግራቸው ለእኔ አንዲት ቃል እንዳይተነፍሱም ይነገራቸዋል።

እስቲ አሁን ለዚህ ሥራ እኔን መምረጥ ምን ይሉታል? ወሬ ካልሰማሁ ምሳ የማይወርድልኝን ሴት! የጥናቱ ነርስ፣ ሁላችንም ሲስተር የምንላት፣ ጠረጴዛዋ ከእኔ ጠረጴዛ ጎን ነው። በየሳምንቱ ለበሽተኞቹ እየደወለች እንዴት እንደዋሉ ትጠይቃለች። ስልኩን ስታነሳ በአገጯ በሩን ታሳየኛለች፤ እኔም እያጉረመረምኩ እወጣለሁ። ቤትም ስገባ ያው ነው። ባሌ እራት ላይ «ዛሬ እኮ አንዱ ሰውዬ...» ብሎ ይጀምርና ምላሱን ይነክሳል። ከዚያ ስለሚያፈሰው ጣሪያና ስለ ጎረቤት ውሻ እናወራለን። ስለ ጎረቤት ውሻ የማላውቀው ነገር የለም።

እንዲህ እየኖርን ሳለ አባቴ ወደቀ።

አባቴ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ እናቴ ካረፈች ወዲህ ከእኛ ጋር ነው የሚኖረው። ዕድሜውን ሙሉ አገር አቋራጭ ሲነዳ አንድ ቀን በትራፊክ ተከስሶ አያውቅም። ቀይ መብራት ካየ ከተማው ባዶ ቢሆንም ይቆማል። የታዘዘውን ነገር እስከ መጨረሻዋ ጠብታ የሚፈጽም ሰው ነው፤ መድኃኒት ከምግብ በኋላ ውሰድ ካሉት፣ ምግብ ካልበላ ቢሞትም አይወስድም። ያን ቀን ከቁም ሳጥን አናት ላይ አሮጌ ሻንጣ ሊያወርድ በርጩማ ላይ ወጣ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባል የለ? አባቴ የጣለው ራሱን ነው። ቀኝ ቁርጭምጭሚቱ ሁለት ቦታ ተሰበረ። ባሌ አማቱን እንዲቀድ ልቡም ሕጉም ስላልፈቀደለት ጓደኛው ገብቶ በብረት አጋጠመለት።

በማግስቱ አባቴ አልጋው ላይ ሆኖ ባሌን አስጠራው።

«እኔን ለምን ዘለልከኝ?» አለው። «ጥናቱ ውስጥ ለምን አላስገባኸኝም?»

«አባባ፣ የምትለካው ልጅዎ ናት። እንዴት ይሆናል?»

«እንዳታይ ማድረግ ነዋ! ሌላውን እንዳታይ አይደል የምታደርጋት? እራት በተበላ ቁጥር ሰው ጎደለኝ እያልክ ስትነጫነጭ የምሰማህ እኔ ነኝ። የሰውን አባት ግባ እያልክ የራስህን ልትደብቅ ነው?»

«የራስህን» ያላት ነገር ባሌን አሸነፈችው መሰለኝ፣ ሌላ ሳይከራከር ወጣ። የጥናቱን ኃላፊዎች ጠየቀ። እነሱም ካመነታቱ በኋላ አንድ ነገር አስረግጠው ፈቀዱ፤ እስከ መለኪያው ቀን ድረስ እግሩን እንዳላይ፣ ስለ እግሩም እንዳልሰማ። ኮምፒውተሩ ዕጣ አወጣ። ስፌቱ በተፈታ ቀን አባቴ ወይ ጀሶ ግባ ወይ ተራመድ ተብሎ፣ የትኛው እንደሆነ እኔ ሳላውቅ፣ በከተማው ሌላ ጫፍ ወደሚኖረው ታናሽ ወንድሜ ቤት ተወሰደ። ሲሸኙት እኔን ከሲስተር ጋር በምንሠራበት ክፍል ውስጥ ቆልፈውብኝ ነበር። በመስኮት እንኳን እንዳላይ መጋረጃውን የጋረደችው ራሷ ሲስተር ናት።

አባቴን ሳላየው አንድ ሳምንት አሳልፌ አላውቅም። ይህን መናገር በዕድሜዬ ቢያሳፍርም እውነት ነው። ጠዋት ጠዋት ጉሮሮውን ሲጠርግ ካልሰማሁ ቀኑ የጀመረ አይመስለኝም። ስለዚህ ማታ ማታ ከእራት በኋላ መደወል ጀመርኩ። ስልክ አልተከለከለም፤ እግር ነው የተከለከለው።

እኔም ክፉ ነኝ፣ ወጥመድ አጠምድበታለሁ።

«አባዬ፣ ገላህን ስትታጠብ አልተቸገርክም?»

«ምን ያስቸግረኛል፣ ውሃ አለ፣ ሳሙና አለ።»

«ካልሲ ልልክልህ ነበር፤ አንድ እግር ነው ሁለት የሚያስፈልግህ?»

«ካልሲ ሞልቷል። አንቺ ሴትዮ፣ ዝም አይነቅዝም ሲባል አልሰማሽም?»

በሳቅ እንፈርሳለን። እንዲህ አፉ ጥብቅ መሆኑን አላውቅም ነበር። ሥራ ቦታ ሳይቀር አወራሁለት፤ ቃል ከሚያመልጣቸው ዶክተሮች ይልቅ አባቴ የተሻለ ምሥጢር ይጠብቃል አልኩ። ሲስተርም «ለእኔም ቢሆን ያው ነው» አለች። በኋላ ነው ምን ማለቷ እንደሆነ የገባኝ።

ትንሽ ቆይቶ ጨዋታው ቀዘቀዘ። ወጥመዴን ስዘረጋ አይስቅም። ስለ ጎረቤት ውሻ ስነግረው «እሺ» ይለኛል። አንድ ምሽት ደግሞ ቀልዱን ትቼ፣ ከልቤ «አባዬ፣ እውነቴን ነው፣ እንዴት ነህ?» አልኩት። «ተመስገን» አለኝና ስልኩን ለወንድሜ ሚስት ሰጣት። ቅር አለኝ። በወጥመድ ያሰለቸሁት መሰለኝ።

የወንድሜ ሚስት ግን እየሳቀች ነበር።

«ሰማሽ፣ አባባ በስተርጅና ሽቶ ጀምረውልሻል!»

«ምን?»

«ሽቶ! የእኔን ጨርሰው ሌላ አስገዝተዋል። ክፍላቸው ሲገባ አፍንጫ ይሰነጥቃል። ማን ልትመጣላቸው ነው እያልን እየሳቅን ነው።»

እኔም ሳቅሁ። ስልኩን ዘግቼ ሰሃን ማንሳት ጀመርኩ። እጄ ላይ ሁለት ሰሃን እንደያዝኩ ቀጥ ብዬ ቆምኩ። አባቴ ሽቶ አይወድም። ሽቶ የተቀባ ተሳፋሪ ሲገባ መስኮት የሚያስከፍት ሰው ነው፤ እናቴ በሠርጓ ቀን እንኳን እሱን ፈርታ አልተቀባችም። መልሼ ደወልኩ።

«ይበላል?» አልኳት።

«ሆዴን ሞልቶኛል ነው የሚሉት።»

«ብርድ ይለዋል?»

«አዎ፣ በዚህ ሙቀት ሁለት ብርድ ልብስ ደርበው ነው የሚውሉት። እርጅና ነው እንጂ...»

ክው አልኩ። በእኛ ሥራ የሚራመድ በሽተኛ ቁስሉን በየቀኑ ያየዋል፣ ያጥበዋል። ሽታ ሊሸፍን ሽቶ የሚረጭ ሰው ሊያየው የማይችለው ነገር ያለበት ነው። አባቴ ጀሶ ውስጥ ነበር፣ ጀሶው ውስጥ ያለው ቁስልም አመርቅዟል። ሁለቱን ነገር በአንድ ትንፋሽ አወቅሁ። የሳምንታት ዕውርነቴ በወንድሜ ሚስት ሳቅ ላይ አበቃ።

ባሌ ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ዘርግቶ ተቀምጦ ነበር።

«አባዬ ጀሶ ውስጥ ነው» አልኩት።

ፊቱ ተለዋወጠ። «ማን ነገረሽ?»

«ሽቶው።»

ነገርኩት። አንድ ነገር ልናዘዝ፤ እየነገርኩት ፊቱን እያየሁ ነበር። ስለ ጥናቱ አንዲት ቃል ቢተነፍስ፣ አሁን ከሄድሽ ተበላሸ ቢለኝ፣ የያዝኳቸው ሰሃኖች የት ያርፉ እንደነበር እኔም አላውቅም። እሱ ግን ቃል ሳይናገር ተነስቶ የመኪናውን ቁልፍ ሲፈልግ ያገኘው ኪሱ ውስጥ ነው። ጫማውን ሳያስር ወጣ። ይህን ሰው ያገባሁት ለዚህ ነው።

ወንድሜ ቤት ስንደርስ አባቴ ፊቱ በላብ ርሶ አልጋው ላይ ነበር። እኔን ሲያይ ብርድ ልብሱን እግሩ ላይ ስቦ በሁለት እጁ ይዞ ጮኸ።

«አትግቢ! ዓይንሽን ጨፍኚ! ገና ቀኑ አልደረሰም!»

አንጀቴን በላው። ትኩሳቱ እያንቀጠቀጠው፣ የሽቶውና የሌላው ነገር ሽታ ክፍሉን ሞልቶት፣ እሱ የሚጠብቀው የእኔን ዓይን ነው። «ጨፍኛለሁ አባዬ» ብዬው ዓይኔን ሳልጨፍን አቀፍኩት።

ሆስፒታል አድርሰነው ጀሶው ሲቆረጥ ቁስሉ አፉን ከፍቶ፣ መግሉ እስከ ተረከዙ ወርዶ ነበር። የባሌ ጓደኛ ወዲያው ቀዶ ጥገና ክፍል አስገብቶ አጠበው። ሲወጣ «ብረቱን ለጊዜው ትቼዋለሁ። በመድኃኒት ካልተመለሰ ግን...» አለና ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም። እንዲጨርሰውም አልፈለግሁም። ሲስተር የሰማችው ከቤቷ ነው፤ ጥቁር ነጠላ ጫማ እንዳጠለቀች መጥታ ኮሪደሩ ላይ አጠገቤ ተቀመጠች።

«በየሳምንቱ ደውዬላቸዋለሁ» አለች እያለቀሰች። «ህመም አለ? ስላቸው ተመስገን። ትኩሳት አለ? ተመስገን። እኔ ደግሞ ተመስገን የሚለውን ደህና ነኝ ብዬ ጻፍኩት።»

ሌላው ቀን ትኩሳቱ ሲበርድለት እኔው ጠየቅሁት። ለእኔ ባይናገር ይሁን፣ ለሲስተር ለምን ደበቀ?

«የሷ ጠረጴዛ ካንቺ ጎን አይደል?» አለኝ። «ለእሷ የነገርኳት ካንቺ ጆሮ የት ይቀራል? ለባልሽም ብነግረው የምታድሩት አንድ አልጋ ላይ ነው። ስለ እግርህ አትናገር ተባልኩ፣ አልተናገርኩም።»

ሲስተር በእያንዳንዱ ስልክ እኔን ከክፍሉ እንደምታስወጣኝ ማንም አልነገረውም ነበር። ለካ ትዕዛዙን የሰጠነው እኛ ነን፤ ለማን ብቻ እንዳይናገር እንደሆነ ግን በደንብ አልነገርነውም። ዝም አይነቅዝም ያልከኝ አንተ ነህ፣ ይኸው ነቀዘ አልኩት። ሳቀ። ስቆ ሲጨርስ ደግሞ አዘነ።

«የባልሽን ጥናት አበላሸሁበት አይደል? እኔን እንግዲህ አውጡኝ።»

ባሌ የአልጋው ግርጌ ቆሞ ነበር። «ማን ያወጣዎታል?» አለው። «የዳነውን ብቻ ብቆጥር ውሸታም ነኝ። አባባ፣ እርስዎም፣ መግሉም፣ ትኩሳቱም ሁሉም ተቆጥሯል። ይልቅ ጥፋቱ የኔ ነው፣ አንድ ዓረፍተ ነገር አሳጥሬ።»

መድኃኒቱ ሠራ። እግሩ ቀስ በቀስ መልኩን ያዘ፣ እኛም ትንፋሻችንን መለስን። ባሌ ለአዲስ በሽተኞች የሚነገረውን ነገር ቀየረው፤ «ለምትለካዎት ሴት ምንም፣ ለእኛ ግን ሁሉንም» ይባላሉ አሁን። የአባቴን ታሪክም ይነግራቸዋል። ስለ ሳይንስ ሲል በትኩሳት የተቃጠለ ሽማግሌ! ተማሪዎች እሱን ለማየት ይመጡ ነበር። እኔማ ምን ልበላችሁ፣ ከዚያ ኮሪደር እስከ ጽዳት ሠራተኞቹ ድረስ ያልሰማ አልተውኩም። አባቴ ግን ስንሰባሰብበት ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞር ነበር። ትሕትና መስሎኝ እሱንም ጨምሬ አወራሁለት።

የመለኪያው ቀን ደረሰ። እኔ ስላየሁ፣ ከሌላ ሆስፒታል አንድ የማይስቅ ጎልማሳ ፊዚዮቴራፒስት ተዋሱልን። አባቴ ነጭ ካልሲውን እስከ ጉልበቱ ስቦ ገባ፤ በሩ ተዘጋ፤ እኔ ውጭ አግዳሚው ላይ ቀረሁ። ጎልማሳው ሲወጣ ሰላም ብሎኝ ብቻ አለፈ፤ እንዴት ሆነ ብዬ ብጠይቅ ሊነግረኝ አይችልም። ቀጥሎ አባቴ ወጣ፣ በከዘራ፣ ትንሽ እያነከሰ፣ ግን በሁለት እግሩ። አጠገቤ ቁጭ አለ።

«እንደ ድሮው አይታጠፍም» አለኝ። «ደረጃ ስወርድ ያመኛል። ሐኪሙ እንደነገረኝ፣ ምናልባት ሁልጊዜም ያመኛል።»

«ትለምደዋለህ አባዬ። እኔ አለማምድሃለሁ።»

ከዘራውን በሁለት ጉልበቶቹ መሃል ተከለ።

«ለጥናቱ ብዬ አይደለም» አለኝ።

አልገባኝም።

«መጀመሪያ ላይ አዎ፣ ለባልሽ ብዬ ነበር። ሽታው ሲመጣ ግን ፈራሁ። ከእኔ ጋር አንድ መስመር ላይ የሚነዳ ጓደኛ ነበረኝ። እግሩ እንደኔው ጀሶ ውስጥ ሸተተበትና ሐኪም ቤት ሄዶ ተናገረ። ሲመለስ ሱሪውን አጥፎ በመርፌ ቁልፍ አያይዞት ነበር። እኔም ከተናገርኩ ይቆርጡኛል ብዬ ነው። ሌሊት ሌሊት ጀሶዬን እያቀፍኩ ነበር የማድረው። እናንተ ደግሞ ጀግና አላችሁኝ። አፈርኩ፣ ዝም አልኩ።»

አባቴ ፈርቻለሁ ሲል ሰምቼው አላውቅም። ገደል አፋፍ ላይ ፍሬን የተበጠሰበት ቀን እንኳን ለእናቴ «ትንሽ ዘገየሁ» ብሎ ነው የገባው። የስንቱን ሰው ቁርጭምጭሚት በእነዚህ እጆቼ አዙሬያለሁ፣ ምን ያህል እንደሚታጠፍ ለክቻለሁ፤ አንዳቸውንም ምን ያስፈራሃል ብዬ ጠይቄ አላውቅም። የታመመ እግሩን አንስቼ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩትና በካልሲው ላይ ይዤው ተቀመጥኩ። እወደዋለሁ፤ ከጀግናው ይልቅ ይሄንን ፈሪውን የበለጠ ወደድኩት፤ ነገርኩትም።

«ለባልሽ ንገሪው» አለኝ በመጨረሻ። «እያፈርኩም ቢሆን ይወቀው። ለእኛ ሁሉንም ንገሩን ማለት ብቻ አይበቃም። የፈራ ሰው አይናገርም።»

ለባሌ እራት ላይ ነገርኩት። ማንኪያውን አስቀመጠ። ከዚያ «እኔ ደግሞ ዓረፍተ ነገር ያስተካከልኩ መስሎኝ» አለ፣ ከእኔ ይልቅ ለራሱ።

በማግስቱ ሲስተርን ይዟት ተቀመጠ። ምን እንደተባባሉ እኔ አልሰማሁም፤ ለሌሎቹ በሽተኞች እስካሁን ዕውሯ እኔው ነኝ። ከጥቂት ቀን በኋላ ግን ሲስተር ስልክ ስትደውል እኔ መነጽሬን ፍለጋ ዘግይቼ ክፍሉ ውስጥ ቀርቼ ነበር።

«እንዴት ነዎት እናቴ?» አለች። መልሱን ሰምታ ራሷን ነቀነቀች። «እሱማ ተመስገን ነው። አሁን ደግሞ ማታ ሲተኙ ስለ እግርዎ የሚያስፈራዎትን ይንገሩኝ። ማንም እግር ሊቆርጥ አልተቀመጠም እዚህ።»

ከወዲያ በኩል ድምፅ አልመጣም። ሲስተር ብዕሯን አስቀመጠች፣ ወንበሯን ሳበች፣ በአገጯም በሩን አሳየችኝ። መነጽሬን ሳላገኝ ወጣሁ። በሩን ቀስ ብዬ ስዘጋ ሲስተር ገና ምንም አላለችም ነበር፤ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አጥብቃ ይዛ ታዳምጥ ነበር።